እንዶድ የማን ነው?

አንድ ሰው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራምሮ አዲስ ነገር ቢያገኝ፥ ያ ነገር የማን ይሆናል? ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የሕግ ሰዎች ጉዳይ ነው እያሉ ሲያልፉት ይታያል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ግን የሁላችንም ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክቶር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ለመመርመር ዐድዋ ሄደው ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የበሽታው ተሕዋስ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ምርምሩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቀጠለ፤ ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም አብረው ደከሙበት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የምርምሩ ውጤት በየጊዜው እየታተመ ለዓለም ተገልጧል። ይህም ለዕውቀት መልካም ነው። በፓተንት ሕግ ዐይን ሲታይ ግን፥ በይፋ የታተመ ነገር አዲስነቱ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያንኑ ነገር የእኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ በብዙ አገር አይቻልም። የእናቶቹማ ዕውቀት ከጥንት የታወቀ ስለሆነ ጭራሽ ከመዝገብ አይገባም። ብዙ ሰው ያወቀውን የማንም አይደለም የሚል ሕግ፥ በኔ አስተያየት ትልቅ ጉድለት አለበት።

ለታወቀ ዕፅ አዲስ ጥቅም ያገኘ ሰው ግን ያንን ጥቅም ማስመዝገብ ይችላል። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለች ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ተራብታ የውሃ ቧንቧዎችን ትደፍን ጀመር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከዶክቶር አክሊሉ ጋራ ሆነው እንዶድ እርሷንም እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። ከአስገኚዎቹ ስም መካከል የዶክቶር አክሊሉ ስም አለበት፤ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገሩ ብዙ ክርክር አስነሣ። ይሁን እንጂ ሥራው የተሠራው በቶሌዶ ላቦራቶር ስለሆነ፥ ሕጉን ያወቀ ወገን በሕጉ ተጠቀመ ከማለት በቀር ስርቆት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ፓተንት ሁሉ የገንዘብ ስስት ነው የሚሉም አሉ። ኢንሱሊንን ያስገኙት የቶሮንቶ ሰዎች፥ ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ፥ እ.ኤ.አ. በ1923 መብታቸውን እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሸጡ። ይህንንም ያደረጉት ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዝግቦ መድኃኒቱን ለብቻው እንዳይዘው ብለው ነው።

በአገራችን የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ የጄኔቲክ ሀብትንና የኅብረተሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ በሁለተኛው መሠረት፥ ዕፁን ለምርምር ወደ ውጭ አገር ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከሚገኘውም ጥቅም ኅብረተሰቡ ድርሻ አለው።

እንግዲህ ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ወጣት፥ የሚያገኘው ነገር የማን እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የምርምር ደብተሩንም ቀኑን እየጻፈ ይያዝ። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ እንደሆነ ከኮት ኪስ ይገባል፤ ጉምሩክም ላያየው ይችላል።