የታሸገው ሣጥን የሚጠብቀው ምንን ነው?
ከመሬት በላይ በሚፈጸም ቀብር ስለ ሣጥን መከላከያ ማቀፊያዎች

አገር ቤት ሞት ሲመጣ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል፣ ሣጥኑም መቃብሩም በሌሎች እጅ ይዘጋጃል። የሐዘንተኛው ሥራ ማልቀስ ብቻ ነው። በአሜሪካ ግን ልጆች እንባቸው ሳይደርቅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የዋጋ ዝርዝር ማንበብ ይጠበቅባቸዋል።

አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። እናታቸው ወደ ጌታ ሄደዋል። ልጆቹ "እናታችን እርጥብ መሬት ውስጥ አይግቡ" ብለው ከመሬት በላይ በተሠራ የመቃብር ሕንፃ ውስጥ ቦታ ለመግዛት ወስነዋል። ሻጩ በመጀመሪያ የብረት ሣጥን ያሳያቸዋል። "ይህኛው አየርና ውኃ እንዳያስገባ ሆኖ ይታሸጋል" ይላል። ቀጥሎም "ሣጥኑ ደግሞ በዚህ ማቀፊያ ውስጥ ይገባል" በማለት ሌላ ዋጋ ይጨምራል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ማን ደፍሮ "አያስፈልግም" ይበል? ለእናት የሚከለከል ምን ነገር አለ?

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ጠረጴዛ ነው። የሚሸጠው ዕቃ ምንድን ነው? በእርግጥ የሚጠብቀውስ ምንን ነው? መልሱን አስቀድሞ ማወቅ በሐዘን ቀን ከሚመጣ ጸጸትና ዕዳ ያድናል።

ከመሬት በላይ መቀበር አዲስ ነገር አይደለም

ብዙ ሰዎች የሚቀበሩበት የመቃብር ሕንፃ በእንግሊዝኛው "ማውሶሊየም" ይባላል። ስሙ የመጣው በ353 ዓመተ ዓለም ገደማ ከሞተው የካሪያ ገዥ ከማውሶሎስ ነው። በዛሬዋ ቱርክ፣ ቦድሩም በምትባለው ከተማ የተሠራለት ታላቅ መቃብር ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም የዋሻ መቃብርን በሚገባ ያውቃል። አብርሃም ሣራን በመክፈላ ዋሻ ቀበረ (ዘፍ. 23)። አልዓዛር የተቀበረበት ዋሻ ነበር (ዮሐ. 11፥38)። ጌታችንም ከዓለት በተወቀረ አዲስ መቃብር ውስጥ ተኝቷል (ማቴ. 27፥60)። በዚያ ዘመን በኢየሩሳሌም አካባቢ የነበሩ አይሁድ ሙታናቸውን በዓለት መቃብር ውስጥ ያሳርፉና፣ ሥጋው ከፈረሰ በኋላ አጥንቱን ሰብስበው በትንሽ የድንጋይ ሣጥን የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። ሥጋውን አሽገው ለማቆየት አልሞከሩም፤ ይልቁን አየርና ጊዜ ሥራቸውን እንዲሠሩ ይተዉ ነበር።

በአሜሪካም በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተመሳሳይ ልማድ እናገኛለን። በ1789 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የቅዱስ ሉዊስ ቁጥር አንድ መካነ መቃብር ውስጥ መቃብሮቹ ከምድር በላይ በጡብ የተሠሩ ናቸው። በከተማዋ በቆየው ልማድ መቃብሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን አይከፈትም። የበጋው ሙቀት ጡቡን እንደ ምድጃ ስለሚያግለው ሥጋው ቶሎ ይፈርሳል፤ ከዚያም የቀረው አጥንት ወደ ኋላ ተገፍቶ ያው ቦታ ለሌላ የቤተ ሰብ አባል ያገለግላል።

የዛሬው ሕንፃ እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚገኙት ሕንፃዎች ከኮንክሪት የተሠሩ፣ እንደ መደርደሪያ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች አሏቸው። እያንዳንዱ ክፍል ብዙውን ጊዜ አንድ ሣጥን ያስገባል። ሣጥኑ ከገባ በኋላ ክፍሉ በውስጠኛ መዝጊያ ተዘግቶ ዙሪያው በማጣበቂያ ይታሸጋል። ከዚያ በላይ ስም የተጻፈበት የዕብነ በረድ ወይም የግራናይት ሰሌዳ ይገጠማል። ቆሞ ለሚጎበኝ ሰው በዓይንና በደረት ትክክል ያሉት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ከላይኞቹና ከታችኞቹ ይልቅ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው።

ከፊት ሲያዩት ሁሉ ነገር የታሸገ ይመስላል። ነገር ግን በደንብ የተሠራ ሕንፃ ከበስተጀርባው መተንፈሻ አለው። የክፍሉ ወለል ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ፈሳሽ የሚወርድበት ማፍሰሻና አየር ወደ ጣሪያ የሚወጣበት ቱቦም ይኖረዋል። ሕንፃውን የሚያውቁ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥጋ ሲታሸግ ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል ማንበብ ለአንዳንዶች ይከብድ ይሆናል። ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አልደበቀውም። ማርታ ድንጋዩን እንዳያነሡት ስለ ሽታው በግልጽ ለጌታ ተናግራለች (ዮሐ. 11፥39)።

የሰው አካል ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ከሞት በኋላ ሥጋን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ አይደሉም፤ በሕይወት ሳለን በአንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ያለ ኦክስጅን መኖር ይችላሉ። ስለዚህ አየር መከልከል መፍረስን አያስቆምም፤ መልኩን ብቻ ይለውጠዋል። ደረቅ አየር የሚያገኝ አካል ቀስ በቀስ ይደርቃል። በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለው ግን እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ወደ ፈሳሽነት ያደላል። ጋዝም ይፈጠራል። ጋዙ መውጫ ካላገኘ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ የሣጥኑን መገጣጠሚያ ሊያስለቅቅ፣ አልፎ ተርፎ የክፍሉን መዝጊያ ሊገፋ ይችላል። የኮንክሪቱ ግድግዳ በበጋ ፀሐይ ሲግል ደግሞ ሁኔታው ይፋጠናል።

አስከሬን በመድኃኒት መታከሙም ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የመድኃኒቱ ዋና ዓላማ አስከሬኑ እስከ ቀብሩ ድረስ እንዲቆይ ነው።

የታሸገ ሣጥን እና ማቀፊያ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች

ሻጮች ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ስለሚጠሯቸው ለይተን እንያቸው።

አንደኛው "የሚታሸግ" ወይም "መከላከያ ያለው" የሚባለው የብረት ሣጥን ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በፍሪጅ በር ዳር እንደምናየው ዓይነት ጎማ አለው። በእግር በኩል ባለ ቀዳዳ ቁልፍ ገብቶ ሲጠመዘዝ ክዳኑ ጎማውን ተጭኖ ይዘጋል። ይህ ጎማ የውጭ ውኃ ቶሎ እንዳይገባ ያዘገያል። ከዚያ ያለፈ ተአምር የለውም። አንዳንድ አምራቾችም ግፊት ሲበዛ ጋዙ እንዲወጣ አድርገው ነው ጎማውን የሚሠሩት።

ሁለተኛው ማቀፊያው ነው። ይህ ሣጥኑ ራሱ የሚገባበት ሲሆን በተለይ ከመሬት በላይ ለሚሆን ቀብር የተሠራ ነው። ሦስት ዓይነት አለው፦

1. ትሪ፦ ጠርዙ ከፍ ያለ ጠንካራ የፕላስቲክ ዝርግ ሲሆን ከሣጥኑ ሥር ይደረጋል። ከሣጥኑ የሚወጣ ፈሳሽ ቢኖር ይይዛል።
2. መጠቅለያ፦ ሣጥኑን በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ፕላስቲክ ነው።
3. ሙሉ ማቀፊያ፦ ከሥር መደብ፣ ከላይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው። በደንብ የተሠራው ጋዝን ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ ነፍሳትን ግን ወደ ውስጥ የማያስገባ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት መተንፈሻ አለው። ፈሳሽ የሚመጥ ዱቄትም ይጨመርበታል።

እንግዲህ ማቀፊያው የሚጠብቀው ማንን ነው? በቀጥታ ስንናገር የሚጠብቀው ሕንፃውን ነው። ፈሳሽ ወደ ታችኛው ክፍል እንዳይወርድ፣ ዕብነ በረዱ እንዳይበከል፣ ሽታና ዝንብ ወደ ጎብኚዎች እንዳይደርስ ያደርጋል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ በሥር ያለው የሌላ ቤተ ሰብ እናት ወይም አባት ናቸውና። ነገር ግን የምንወደውን ሰው ሥጋ ከመፍረስ አይጠብቅም። ለዚህ ተብሎ ከተሸጠ እውነት አልተነገረንም ማለት ነው።

ከአውሮፓ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለሚልኩ ወገኖችም ይኸው ሐሳብ ይጠቅማል። በ1973 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ የተፈረመው ስለ አስከሬን ዝውውር የሚናገረው የአውሮፓ ስምምነት ሣጥኑ ፈሳሽ የማያሳልፍ እንዲሆንና በውስጡ የሚመጥ ነገር እንዲኖረው ያዝዛል። ባለ ሥልጣናት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኙትም የውስጡንና የውጭውን ግፊት የሚያመጣጥን መሣሪያ እንዲገጠም ይጠይቃል። እዚህም መታሸግ ብቻውን አልበቃም፤ መተንፈሻ አስፈልጓል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው የቀብር አገልግሎት ደንብ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ከደንቡ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙትን እንጥቀስ።

የቀብር አገልግሎት ሰጪ ሣጥን ወይም ማቀፊያ አስከሬንን ለረጅም ዘመን ወይም ለዘላለም ይጠብቃል ብሎ መናገር ክልክል ነው። በአካል ሄዶ ለጠየቀ ሰው የተዘረዘረ የዋጋ ወረቀት መስጠት ግዴታ ነው፤ በስልክ ለሚጠይቅም ዋጋ መናገር አለበት። ሣጥን ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብታመጡ አልቀበልም ማለትም ሆነ በዚያ ምክንያት ተጨማሪ ማስከፈል አይችልም። "ሕግ ያስገድዳል" ወይም "መካነ መቃብሩ ያስገድዳል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር ካለ ደግሞ አስገዳጁ ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ መግለጽ ይኖርበታል።

አንድ ነገር እናስተውል። ይህ ደንብ የሚመለከተው የቀብር ዕቃንም አገልግሎትንም የሚሸጡትን ነው። የመቃብር ቦታ ብቻ የሚሸጥ ድርጅት በዚህ ደንብ ላይገዛ ይችላል። የየስቴቱ ሕግም ይለያያል። ብዙ መካነ መቃብሮች ትሪ ወይም ማቀፊያ እንዲኖር በራሳቸው መመሪያ ያዝዛሉ፤ ይህም ሕንፃቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ነው። በዚያ ጊዜ መክፈሉ አግባብ ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደምንከፍል አውቀን እንክፈል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዘንተኛው ራሱ ይህን እንዲጠይቅ መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን አንድ የረጋ ወንድም ወይም እኅት አብሮ ቢሄድ መልካም ነው።

- ማቀፊያውን የሚያስገድደው የስቴቱ ሕግ ነው ወይስ የመካነ መቃብሩ መመሪያ? በጽሑፍ ሊያሳዩን ይችላሉ?
- ትሪ ብቻ ይበቃል ወይስ ሙሉ ማቀፊያ ያስፈልጋል?
- ማቀፊያው መተንፈሻ አለው?
- የማይታሸግ ሣጥን ይፈቀዳል? ማቀፊያ ካለ የታሸገ ሣጥን መግዛት ለምን ያስፈልጋል?
- ክፍሉ የአየር መውጫና ማፍሰሻ አለው?
- የሣጥኑ ዋጋ ለብቻው፣ የማቀፊያው ዋጋ ለብቻው ስንት ነው?
- ከዓመታት በኋላ ፈሳሽ ቢወጣ የሚያስጠግነው ማን ነው?

ተስፋችን በማኅተም ላይ አይደለም

ወገኖች ሆይ፣ የሙታንን ሥጋ ማክበር መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው። ኒቆዲሞስ ለጌታ ሥጋ የከርቤና የእሬት ቅልቅል አምጥቷል (ዮሐ. 19፥39)። ስለዚህ ለእናቱ መልካም ሣጥን የመረጠውን ልጅ አንወቅሰውም። ነገር ግን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ፍርሃትንና ጸጸትን በገንዘብ ለማስታገስ መሞከር ሌላ ነገር ነው። በሕይወት ሳሉ ስልክ ያልደወልንላቸውን ወላጅ በውድ ሣጥን ልንክሳቸው አንችልም። ለመበለቲቱና ለልጆቹ ቤት ኪራይ ይሆን ዘንድ ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ ለጎማና ለፕላስቲክ ቢውል ሟቹንም አላከበርንም።

ዮሴፍን አስቡ። በዘመኑ ከሁሉ ይልቅ አስከሬን ማቆየት በሚያውቁት በግብፃውያን እጅ በሽቱ ታሽቶ በሣጥን ተቀመጠ (ዘፍ. 50፥26)። ከግብፅ የወጣውና በሴኬም የተቀበረው ግን አጥንቱ ነበር (ኢያ. 24፥32)። የዕብራውያን ጸሐፊ ያመሰገነውም እምነቱን እንጂ ሣጥኑን አይደለም (ዕብ. 11፥22)።

የጌታንም መቃብር አትመውት ነበር (ማቴ. 27፥66)። ያ ማኅተም ማንም እንዳይወጣና እንዳይገባ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ትንሣኤን ግን አላገደም። በ2015 እ.ኤ.አ. በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ወገኖቻችን ሲሞቱ ሣጥን የገዛላቸው አልነበረም። በባሕር የቀሩትም መቃብር የላቸውም። ባሕር ግን በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ ተጽፎልናል (ራእ. 20፥13)። ሐዋርያው ጳውሎስም ሥጋን በዘር መስሎታል፤ የሚዘራው በመበስበስ ነው፣ የሚነሣው ግን ባለመበስበስ ነው (1ቆሮ. 15፥42)። ዘር እንዳይፈርስ አሽጎ የሚያኖር ገበሬ የለም።

እንግዲህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ መካነ መቃብሩ የሚጠይቀውን በሐቅ እንክፈል፣ የማያስፈልገውን "አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም" እንበል። እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ እናቱን አልናቀም፤ እናቱን በእጁ ለሚይዛቸው ጌታ አደራ ሰጥቷል።

ጌታ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና። አሜን።