ሸክምን በልክ ስለ ማድረግ፤ የጭነት መኪናና የጎማ ነፋስ

ሸክም የሚጫንበት ሁሉ ልክ አለው። ግመል ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ይጮኻል፥ አህያም አልሄድም ብሎ ይተኛል፤ ጫኙም ይህን ምልክት አይቶ ያራግፍለታል። መኪና ግን አንደበት የሌለው ስለ ሆነ እስከሚሰበርበት ሰዓት ድረስ ዝም ብሎ ይሸከማል። የእንስሳው ጩኸት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ በመኪና ዘንድ የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የክብደት ሚዛንና የነፋስ መለኪያ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የናቀ ሰው አደጋው ሳይመጣ የሚያስጠነቅቀው የለም።

የድሬ ዳዋ ከተማ የተቈረቈረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ከሥፍራው በደረሰ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ሸክምን መዝኖ መጫን ለከተማይቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በፉርጎ ጎን ላይ ባዶ ክብደቱና ሊጫንበት የሚገባው ልክ ይጻፋል፤ ከተጻፈው በላይ መጫንም ያስጠይቃል። ዛሬ ግን ከከተማይቱ ወደ ሐረር፥ ወደ ጅግጅጋና ወደ ገጠሩ ብዙ ዕቃ የሚያመላልሰው መኪና ነው፤ ከነዚህም መካከል ፒክአፕ የሚባለው ጠንካራ መኪና ለመንግሥት ሥራም፥ ለንግድም፥ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም ይውላል። ባለቤቶቹም የበለጠ ይሸከምልን ሲሉ ባሌስትራ ይጨምሩለታል፥ ስፖንዳውን በብረት ከፍ ያደርጉታል፥ ወፍራም ጎማ ያገቡለታል፥ ሁለተኛም የነዳጅ ታንክ ያስሩበታል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መኪናው የበረታ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ከሥሩ ሲመረመር እንዲህ አይደለም።

በመጀመሪያ መታወቅ የሚገባው፥ ጭነቱን ተሸክሞ የሚያቆመው የጎማው ላስቲክ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ነፋስ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሶን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም.፥ የአገሩ ሰው ጆን ደንሎፕም በ1888 ዓ.ም. በነፋስ የሚነፋ ጎማ ባወጡ ጊዜ የተገኘው ብልሃት ይኸው ነው፤ ላስቲኩና በውስጡ ያለው ክር ነፋሱን እንደ አቁማዳ ይዘው ያኖራሉ፥ ነፋሱም ሸክሙን ያነሣል። 900 ኪሎ የሚያርፍበት አንድ ጎማ፥ በመለኪያ 60 ፒኤስአይ ነፋስ ቢኖረው፥ ምድርን የሚነካው ከ200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ሥፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንዲት ትንሽ ዳዊት ገጽ ያህል ነው። የነጂውም፥ የተሳፋሪውም፥ የዕቃውም ደኅንነት በነዚህ አራት ገጾች ላይ ያርፋል።

ነፋሱ ከጭነቱ ያነሰ እንደ ሆነ የጎማው ጎን በየዙሩ ይታጠፋል፥ ይዘረጋል፤ ከመታጠፉም የተነሣ ይግላል፤ ሙቀቱም ክሩን ከላስቲኩ ይለየውና ጎማው በድንገት ይፈነዳል። ነፋሱ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ጎማው በመካከሉ ብቻ ምድርን ይነካል፥ መካከሉም ፈጥኖ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም መንሸራተት ይበዛል፥ ድንጋይ ሲመታውም በቀላሉ ይቀደዳል። ስለዚህ ትክክለኛው መጠን ከሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ እርሱም በግምት አይገኝም።

ስለ ክብደት ደግሞ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ መኪና ከነጭነቱ 3,300 ኪሎ እንዲመዝን ሠሪው የወሰነለት ቢሆን፥ ባዶውንም 2,200 ኪሎ ቢመዝን፥ ባለቤቱ 11 ኩንታል ልጭንበት እችላለሁ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ለብረት መከላከያውና ለስፖንዳው 120 ኪሎ፥ ለተጨመረው ባሌስትራና ለወፍራሙ ጎማ 80 ኪሎ፥ ለሁለተኛው ታንክ ከነነዳጁ 100 ኪሎ፥ ለነጂውና ለሁለት ባልንጀሮቹ 200 ኪሎ ቢቈጠር፥ ድምሩ 500 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ለጭነት የሚቀረው 6 ኩንታል ብቻ ነው። ባለቤቱ ግን እንደ ቀድሞው 11 ኩንታል ይጭናል፤ አምስቱ ኩንታል ከልክ በላይ ነው። መኪናውን ለማጠንከር የተጨመረው ብረት ራሱ ሸክም ሆኖ ከጭነቱ ድርሻ ላይ ወስዷልና።

ባሌስትራ መጨመርም የመኪናውን ልክ አያሳድግም። ሻንሲው፥ አክስል የሚባለው የጎማዎች ዘንግ፥ ኩሽኔታው፥ ቸርኬውና ፍሬኑ እንደ ቀድሞው ናቸው። ከዚህም የባሰው፥ ቀድሞ ጭነት ሲበዛ የመኪናው ኋላ ዝቅ ብሎ ለተመልካች ይናገር ነበር፤ ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ይህ ምልክት ይጠፋል። እንደ ሐሰተኛ ሚዛን ዓይንን ያታልላል እንጂ የእውነቱን ክብደት አይቀንስም።

ከጭነቱ ብዛት ሌላ አቀማመጡም ይታሰባል። በፊተኛውና በኋለኛው አክስል መካከል 3 ሜትር ያለው መኪና፥ ከኋለኛው አክስል አንድ ሜትር ወደ ኋላ አልፎ 300 ኪሎ ቢጫንበት፥ የፊት ጎማዎች 100 ኪሎ ይቀልላቸዋል፥ በኋለኞቹም ላይ 400 ኪሎ ይጨመራል። የፊቱ በቀለለ መጠን መሪውም ፍሬኑም መታዘዝን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታችና ከኋለኛው አክስል ወደ ፊት፥ ቀላሉ ከላይ ሊቀመጥ፥ ሁሉም በገመድ ሊጠብቅ ይገባዋል።

ልክ የሆነውን ነፋስ ለመምረጥ የሚሄዱበት መንገድ ይህ ነው። መኪናው እንደ ፋብሪካው ከሆነ፥ በነጂው በር አጠገብ የተለጠፈው ጽሑፍ ለፊትና ለኋላ የሚገባውን መጠን ይናገራል። የጎማው ዓይነት የተለወጠ እንደ ሆነ ግን ያ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። መኪናው ከነጭነቱ በሚዛን ላይ ወጥቶ ፊቱና ኋላው ለየብቻ ይመዘናል፤ የእያንዳንዱ አክስል ክብደት በጎማዎቹ ቍጥር ይካፈላል፤ ከዚያም የጎማው ሠሪ ካወጣው ሠንጠረዥ ለዚያ ክብደት የሚገባው ነፋስ ይፈለጋል፤ ጭነቱ በሁለቱ ጎን ትክክል ስለማይሆንም ጥቂት ይጨመርበታል። ሆኖም በጎማው ጎን ከተጻፈው የመጨረሻ ልክ፥ ቸርኬውም ከሚችለው ማለፍ አይገባም። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላም ነፋሱ ለባዶው መኪና ወደሚገባው መጠን ይመለሳል። ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ወገን የሚታሰሩ የኋላ ጎማዎች ነፋሳቸው እኩል ሊሆን ግድ ነው፤ አለዚያ አንዱ የሁለቱን ሸክም ይሸከማል። መለኪያ በእጅ የሌለው ሰው ጎማን በእግሩ መትቶ ወይም በዓይኑ አይቶ መጠኑን ማወቅ አይችልም።

የድሬ ዳዋ አየርና ምድር ለዚህ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቈላ ላይ ስትሆን፥ ወደ ሐረርና ወደ ቍልቢ የሚወስደው መንገድ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። 60 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለወጥ መለኪያው ወደ 2 ተኩል ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ማለዳ፥ መኪናው ሳይነሣና ፀሐይ ጎማውን ሳታግለው ነው። በመንገድ መካከል የጋለው ጎማ መለኪያው ከፍ ብሎ ቢታይ ነፋስ መቀነስ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናልና። ጎማው ያለ ልክ የጋለ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ጭነቱን መቀነስ ወይም ፍጥነቱን ማብረድ፥ ሲቀዘቅዝም ለክቶ የጐደለውን መሙላት ነው።

በደቻቱ አሸዋና በሽኒሌ በኩል ባለው ቈላ ሲኬድ ነፋስን ጥቂት መቀነስ ይረዳል፤ ጎማው ተዘርግቶ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋልና። ይህ ግን በዝግታ ለመሄድ ብቻ ነው፤ ወደ አስፋልት ከመመለስ አስቀድሞ በኮምፕሬሶር እንደ ነበረው መሞላት አለበት። ከደንገጎ ቍልቍል ሲወረድም በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል፤ ፍሬን ብቻ ያመነ ነጂ የፍሬኑን እሳት ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው ያስተላልፋል።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ለቍልቢ ገብርኤል በዓል ምእመናን ከየአገሩ በዚሁ ዳገት ይወጣሉ። በጭነት መኪና ጀርባ ላይ 12 ሰው ቢወጣ፥ አንዱ በ60 ኪሎ ቢታሰብ፥ 720 ኪሎ ይሆናል፤ ከላይ በምሳሌው ለተነገረው መኪና ከልክ ያልፋል። ሰውም እንደ ጆንያ በገመድ አይታሰርም፤ በጠመዝማዛው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስእለቱን ሊያደርስ የወጣ ሰው በደኅና ወደ ቤቱ ይመለስ ዘንድ፥ ካህናት በበዓሉ ዋዜማ ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ ሲመክሩ ስለ ጕዞውም ቢመክሩ መልካም ነው።

መንገዱም ቢሆን የሕዝብ ሀብት ነው። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. በተደረገው የመንገድ ፈተና እንደ ታወቀው፥ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጕዳት 16 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ክብደቱ በመቶ 20 ብቻ ቢጨምር ጕዳቱ እጥፍ ይሆናል። ይህ ከሁሉ ይልቅ በታላላቆቹ የጭነት መኪናዎች ይጠናል። አንዱ ነጋዴ በአንድ መንገድ የሚያተርፈው ጥቂት ኩንታል፥ ለመንገዱ መጠገኛ በሚወጣው ገንዘብ ሲመዘን ኪሳራው የሁሉ ነው።

ስለዚህ መኪና በእጃቸው የተሰጠ ሹማምንት፥ በየመሥሪያ ቤታቸው አንድ የታመነ የነፋስ መለኪያ ቢያኖሩ፥ የእያንዳንዱን መኪና ባዶ ክብደትና የተፈቀደለትን ጭነት በበሩ ላይ ቢያስጽፉ፥ አካሉ የተለወጠውንም እንደገና ቢያስመዝኑ፥ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ነው። ነጂውም አለቃው ከልክ በላይ ጫን ባለው ጊዜ ቍጥሩን አሳይቶ እንቢ ለማለት ሥልጣን ይኑረው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ማለዳ በመለኪያ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ በደንገጎ ገደል አፋፍ ላይ ከሚመጣው ጸጸት ይሻላል።