ዓሣን በመስታወት ውስጥ ማኖር ግፍ ነው?

የሮም ከተማ በ2005 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓሣን በድቡልቡል የመስታወት ዕቃ ማኖርን ከለከለች። ሌላዋ የጣሊያን ከተማ ሞንዛ ዓመት ቀድማ ይህንኑ አድርጋ ነበር፤ ጥምዝ መስታወት የውጩን ዓለም ለዓሣው አዛብቶ ያሳየዋል ብላ። ብዙ ሰው ስቋል። ክርክሩ ግን ከአኳሪየም ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በ1853 የለንደን መካነ እንስሳት የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ። በዓመቱ የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጣና እንግሊዝ ውስጥ ትርፍ ጊዜ ያለው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ ጎረፈ። በአለቶቹ መካከል የነበረው ሕይወት ተለቅሞ ተራቆተ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ ይህንን በቁጭት አንስቶታል።

ዓሣ ማኖርን የሚቃወሙት ሰዎች ክርክር የጠነከረው በ2003 ነው። ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት በተባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳዩ። ሕመሙ እንደ እኛ ይሰማዋል ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ «ዓሣ ምን ያውቃል» ብሎ ማለፍ ግን ከዚያ ወዲህ ቀላል አልሆነም።

በእኔ ግምት ቤት ውስጥ የሚፈጸመው አብዛኛው በደል ከጭካኔ ሳይሆን ካለማወቅ ይመጣል። ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ ያስወጣል። መርዙን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚቀለው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እስኪበቁም ሳምንታት ይፈጃሉ። መስታወቱንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ የገባ ሰው ታዲያ ዓሣውን በገዛ ቆሻሻው ይመርዘዋል። ውኃው ሲደፈርስ ደንግጦ ማጣሪያውን ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ያጥባል፤ የተባዙትንም ባክቴሪያዎች ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የአየር ፓምፑ ይቆማል። ውኃው ትንሽ፣ ማጣሪያም በሌለው ድቡልቡል ዕቃ ይህ ሁሉ ይፈጥናል፤ የሮም ክልከላ እንደተሳቀበት አልነበረም።

ዓሣው የመጣበት መንገድም ሌላ ጉዳይ ነው። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮራል ውስጥ የተደበቁ ዓሦችን ለማደንዘዝ ሲያናይድ ሲረጭ ኖሯል፤ መርዙ ኮራሉንም ይገድላል። ለዚህ ማስተባበያ የለም። የብራዚሉ ሪዮ ኔግሮ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በባርሴሎስ አካባቢ ካርዲናል ቴትራ የተባለችውን ቀይና ሰማያዊ ትንሽ ዓሣ እየያዙ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ገበያው ከቀረ እነዚህ ሰዎች ደን ወደ መመንጠር ሊዞሩ ይችላሉ የሚለው የተመራማሪዎች ስጋት ያሳምነኛል። «ከወንዝ የተያዘ አትግዙ» የሚለው መፈክር ሁሉም ቦታ አይሠራም።

ጥቅሙስ? በ2015 በእንግሊዟ ፕሊመዝ በተደረገ ጥናት አኳሪየም የተመለከቱ ሰዎች የልብ ምታቸው ቀንሷል፤ የታየው ግን ግዙፍ የሕዝብ አኳሪየም እንጂ የሳሎን አልነበረም። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ሜክሲኮ ነው፦ ከቴውቺትላን ወንዝ ጠፍታ የነበረችው የተኪላ ዓሣ በአርቢዎችና በመካነ እንስሳት እጅ ተርፋ ወደ ወንዟ ተመልሳለች።

እኛ ግን ለጌጥ የተጀመረ ነገር ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ከ2011 ወዲህ የጣና ሐይቅን ያስጨነቀው የእንቦጭ አረም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ነው። ስለዚህ አኳሪየም ማስተዳደር የታከታችሁ፣ ዓሣውንም ሆነ ተክሉን ለሌላ አርቢ ስጡ፤ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ አትልቀቁ።