በባብ ኤል ማንደብ የሚሻገሩት ንስሮች፡ የጂቡቲ ዳርቻ ጉብኝት ምን ያሳያል?

በየዓመቱ ክረምቱ እንዳለፈ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሳዎች ከእስያ ተነስተው በየመን በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ። የሚገቡበት በር ባብ ኤል ማንደብ ይባላል። ከበሩ ወዲህ ያለው ምድር ደግሞ ጎረቤታችን ጂቡቲ ነው። ኢትዮጵያውያን ጂቡቲን በወደቧና በሙቀቷ እናውቃታለን። የወፍ ተመልካቾች ግን ለሌላ ጉዳይ ይሄዱባታል።

ወፎቹ ይህን ቦታ የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትልልቅ አዳኝ ወፎች ረዥም መንገድ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ቢሄዱ ጉልበታቸው ያልቃል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ በሚነሳው ሙቅ አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው እየተንሸራተቱ ይጓዛሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም ውኃው የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ሰርጡ በጠበበበት በኩል ስፋቱ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

የቦታው ታላቅነት በሚገባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ጄፍና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን የመሩት ቡድን በጥቅምት ወር አካባቢ ዳርቻው ላይ ሆኖ ሲቆጥር ወደ 250 ሺሕ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ ተመልክቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ75 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ከካዛክስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጡት ስቴፕ ንስር የተባሉት ናቸው። ባብ ኤል ማንደብ ከዚያ ወዲህ በዓለም ከታወቁት የአዳኝ ወፎች መተላለፊያዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጂቡቲ ከተማ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በሚጋለጠው ጭቃ ላይ ሸርጣን እያደነ የሚበላውን ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ክራብ ፕሎቨርን፣ ማየት ይቻላል። ይህ ወፍ እንቁላሉን የሚጥለው አሸዋ ውስጥ በሚቆፍረው ጉድጓድ ነው። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውጪ የማይራባው ዓይነ ነጭ የባሕር ወፍም እዚያው ይገኛል። መንገዱ ከታጁራ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም የማንግሮቭ ደን ወዳለበት ጎዶሪያና እስከ ራስ ሲያን ይዘልቃል። ከኦቦክ ወዲያ ውኃም ሆነ ጥላ በቀላሉ አይገኝም። ሰርጡ የጦር መርከቦችና የጠረፍ ጠባቂዎች የሚበዙበት በመሆኑም ጎብኚ ያለ ፈቃድና ያለ አስጎብኚ ሊሄድበት የሚገባ ስፍራ አይደለም።

የአስጎብኚው ሥራ የወፎቹን ስም መንገር ብቻ አይደለም። ንስሮቹ የሚበሩት መሬቱ ሲሞቅ ስለሆነ መቼ የት መቆም እንደሚሻል ያውቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ እስከ የት መቅረብ እንደሚፈቀድ ይወስናል። ሰባቱ ወንድማማቾች በሚባሉት ደሴቶች የባሕር ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ሰው ቢወርድ እናቶቹ ይነሳሉ፤ እንቁላሉም በፀሐይ ይበስላል።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ዌል ሻርክም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ሲሆን፣ ምግቡ ግን በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። በአርታ ዳርቻ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በብዛት የሚታዩት ገና ያላደጉት ናቸው። ሲመገቡ ወደ ውኃው ገጽ ስለሚወጡ የጀልባ ሞተር ያቆስላቸዋል። ጥሩ አስጎብኚ ሞተሩን ቀድሞ ያጠፋል፤ ዋናተኛውንም እንዳይነካቸውና መንገዳቸውን እንዳይዘጋ ይከለክላል። ደንበኛው «ትንሽ እንቅረብ» ሲል እምቢ ማለት ገንዘብ ሊያሳጣ ይችላል። ሆኖም እንስሳቱ ከሸሹ የነገ ደንበኛም አይኖርም።

ወደዚህ ዳርቻ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሌላም ነገር ያያል። ወፎቹ ከየመን በሚመጡበት ውኃ ላይ ወገኖቻችን ወደ የመን ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2019 በጎዶሪያ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ስደተኞች ሕይወታቸው አልፏል። በሚያዝያ 2024 እዚያው አካባቢ ሌሎች ጀልባዎች ሰጥመው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ስለዚህ ዳርቻ ሲነገር ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ሰርጡን ያለፉት ወፎች ጉዟቸውን በመቀጠል ብዙዎቹ አፋርንና ስምጥ ሸለቆን ያቋርጣሉ። በምሥራቅ ቱርክ የሳተላይት መከታተያ ከተደረገላቸው የግብፅ ጥንብ አንሳዎች መካከል በባብ ኤል ማንደብ አልፈው ክረምቱን በአፋር ያሳለፉ ተገኝተዋል። ይህ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2007፣ ስቴፕ ንስር ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ምሰሶው ጥሩ ማረፊያ ይሆናቸዋል፤ ክንፋቸው ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ሲነካ ግን ይሞታሉ። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ሽቦውን በምሰሶው አጠገብ በፕላስቲክ መሸፈን ወይም ገና ሲተከል አራርቆ መዘርጋት በቂ ነው። መብራት ወደ ገጠሩ በሚዘረጋበት በዚህ ዘመን ሥራው ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ወጪውም ይቀንሳል።

ዳርቻውን ማየት ለሚሹ አመቺው ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። በዚህ ወቅት የመጨረሻዎቹ ንስሮች ሲያልፉ፣ የመጀመሪያዎቹ ዌል ሻርኮችም መታየት ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ባቡርም ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ ይወስዳል። ባይኖኩላር፣ ባርኔጣና በቂ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። እዚያ ድረስ መሄድ ለማይችል ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ወደ አዋሽ ወይም ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲወርድ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ነው። ከላይ የሚዞሩት ንስሮች ባሕሩን የተሻገሩት ከጥቂት ቀናት በፊት ሊሆን ይችላል።