ስለ ገንዲና ስለ ዕፀዋት መድኃኒት

ኑኑ ቁምባ በምሥራቅ ወለጋ፣ በዴዴሳ ወንዝ ተፋሰስ የሚገኝ ወረዳ ነው። በዚህ ተፋሰስ ቆላማ ክፍል «ገንዲ» የሚባል የከብት በሽታ አለ። በገንዲ የተያዘ በሬ ይከሳል፣ ደሙ ይሳሳል፣ ጠጉሩ ይንጨባረራል፣ በመጨረሻም ቀንበር መሸከም ይሳነዋል። በሬው የወደቀበት ገበሬ ማሳው ጦም ያድራል።

የበሽታው ምክንያት ትሪፓኖሶማ የተባለ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ጼጼ የተባለው የቆላ ዝንብ ነው። ተሐዋሲው የላይ ልባሱን እየለዋወጠ ከሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ ክትባት አልተገኘለትም። ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም የተባሉት መድኃኒቶች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግለዋል፤ ነገር ግን በጊቤ ሸለቆ እንደታየው፣ ተሐዋሲው ለእነርሱ የማይበገር መሆን ጀምሯል። ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ዕፀዋት የመለሱት ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ያገር መድኃኒት ሁሉ ሥራው አንድ አይደለም። በውሃ የተዘፈዘፈ ትምባሆ በከብት አፍንጫ ሲንቆረቆር አልቅትን የሚያስለቅቀው በቀጥታ ስለሚነካው ነው። እንዶድም ሥራውን የሚሠራው ከሰውነት ውጭ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዐድዋ ላይ እንዳስተዋሉት፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉ። የከብት የጉበት ትልም የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው።

ግራዋ፣ በኦሮምኛ ኤቢቻ፣ ከዚህ የረቀቀ ጥያቄ ያስነሣል። በ1987 በታንዛኒያ፣ በመሐሌ ተራሮች፣ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋን መራራ አገዳ ስታኝክ ታይታለች። ከቅጠሉ የሚወጡ እንደ ቬርኖዳሊን ያሉ ቅመሞችም በቤተ ሙከራ አንዳንድ ጥገኛ ተሐዋስያንን እንደሚገድሉ ታውቋል። ነገር ግን በብርጭቆ ውስጥ የገደለ ሁሉ በበሬ ደም ውስጥ አያድንም። ቅመሙ በከብቱ ጨጓራ ሊበላሽ ይችላል፤ ደም ውስጥ ቢደርስም፣ ተሐዋሲውን የሚገድለው መጠን ከብቱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ የባህል አጥኚ የዕፁን ስም ብቻ ጽፎ ቢመለስ ሥራው ጎደሎ ነው። ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ? እርጥቡ ነው ወይስ ደረቁ? በየትኛው ወር ተቆረጠ? ስንት ተሰጠ? በሽታውስ በምን ምልክት ታወቀ? ከብቱ የከሳው በሆድ ትል ከነበረ፣ መዳኑ ለገንዲ ምስክር አይሆንም። መድኃኒት ዐዋቂ ምስጢሩን ለመረጠው ልጅ ብቻ ስለሚያወርስ፣ ሳያወርስ ሲሞት መጠኑም ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ ዕፁ ግን በየደጁ ይበቅላል።