እንጀራ ማቆም ወይስ ከእንጀራው ጎን መጨመር

ክብደት ለመቀነስ እንጀራ ማቆም በአዲስ አበባ የተለመደ ምክር ከሆነ ሰነባብቷል። በኮልፌ ቀራንዮም ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ በጂሙም በፀጉር ቤቱም በስልኩም ላይ ይኸው ይደጋገማል፦ ካርቦሃይድሬት ቁረጥ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትቅመስ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ የሎሚ ውሃ ጠጣ። አንዱ ኬቶ ይለዋል፣ ሌላው ዲቶክስ፤ ስሙ ቢለያይም ትእዛዙ ከሚበላው ላይ መቀነስ ነው። በአገሪቱ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ግን ስድሳ ዓመት ያህል የመከሩት ሌላ ነው፦ ባለው ምግብ ላይ ሌላ ዓይነት መጨመርና ማቀላቀል።

ምክሩ የሚደርሳቸው ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዱ ቤት ቦርጭ ያወጣ፣ ደም ግፊቱ ከፍ ያለ ጎልማሳ አለ፤ በጎረቤቱ ለዕድሜው አጥሮ የቀረ ሕፃን ይኖራል። አንዳንዴ ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሴት አካል ላይ ይገናኛሉ፤ ክብደቷ ከሚገባው በላይ ሆኖ ሳለ ደሟ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከልክ በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶው ከልክ በላይ ወፍራም ነበሩ፤ 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ውፍረቱ በከተማ ከገጠሩ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደም ያነሳት ሴት እንጀራና ወጥ ትታ በሎሚ ውሃና በሰላጣ ስትሰነብት የምትቀንሰው ክብደት ብቻ ሳይሆን ብረትም ነው።

ምግብ ቆርጦ መክሳት አዲስ ግኝት አይደለም። ለንደናዊው የቀብር ሥራ ነጋዴ ዊልያም ባንቲንግ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ እንዴት እንደከሳ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1863 ነበር። ዛሬ ኬቶ የሚባለውን አመጋገብ ደግሞ የማዮ ክሊኒኩ ሐኪም ራስል ዋይልደር በ1921 ያቀረበው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ነው፤ እስካሁንም ለዚህ በሽታ የሚታዘዘው በሐኪም ክትትል ነው። ከሕክምናው ወጥቶ የውፍረት መድኃኒት ሲሆን ክትትሉ ቀርቶ ክልከላው ብቻ ተወሰደ።

መከልከል በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪው አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በቀን 1,600 ያህል ካሎሪ ብቻ እንዲመገቡ አደረገ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። በረዳቸው፣ ድብርት ያዛቸው፣ ቀንም ሌሊትም የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ገደቡ ሲነሣ ሆዳቸው ሞልቶም መብላት ማቆም ያቃታቸው ነበሩ። በዘመናችን በየማኅበራዊ ሚዲያው ከሚመከሩት ዳይቶች አንዳንዶቹ ከዚያ ያነሰ ካሎሪ ይፈቅዳሉ። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር በጥቂት ወራት ብዙ ኪሎ በቀነሱ 14 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም ከስድስት ዓመት በኋላ አብዛኞቹ የቀነሱትን ክብደት በብዛት መልሰውት እንደነበር አሳይቷል። ሰውነታቸው በቀን የሚያቃጥለው ካሎሪ ደግሞ ከሚጠበቀው በ500 ያህል አንሶ ቀርቷል። ዳይት ጀምሮ የተወ ሰው ራሱን ደካማ ነኝ ብሎ ሲወቅስ፣ ያሸነፈው የገዛ አካሉ ራሱን ከረሃብ የሚከላከልበት ሥርዓት መሆኑን የሚነግረው ሰው ማግኘት ነበረበት።

የአገር ውስጡ ማስረጃ ከዚህ የከፋ ነው። ጓያ ዝናብ ሲጠፋ የማይከዳ እህል ነው። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ በመጠኑ ሲበላ ጉዳቱ አይታይም፤ በድርቅ ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በኢትዮጵያ ይህን በሽታ ለዓመታት ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ገበሬው ጓያን ብቻ የበላው ወዶ አልነበረም፤ ምርጫ ያለው ከተሜ ምግቡን በፈቃዱ ወደ አንድ ሁለት ዓይነት ሲያጠብ ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል።

ማቀላቀልን የመንግሥት ሥራ ያደረገው ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1962፣ በስዊድን ድጋፍ፣ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተብሎ ነው። በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ጉናር ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ ወጣ። ጤፍ፣ ቆጮ፣ ሽምብራና ጎመን በ100 ግራም ምን ያህል ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም እንዳላቸው በመደዳ የተጻፈበት ሥራ ነው። ባለሙያው የባዕድ አገር ሰንጠረዥ ከመዋስ ወጥቶ የአገሩን መሶብ በራሱ መለኪያ ማንበብ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚሁ ቤት የወጣው ፋፋ ደግሞ ስንዴን ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት ጋር ያዋሐደ የልጆች ምግብ ሆኖ በብዙ ቤት ሕፃናትን አሳድጓል። ተቋሙ በኋላ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ሆነ፤ መጋቢት 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያ ይፋ ሲሆንም ሥራውን የመራው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። የመመሪያው ዋና መልእክት በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ክፍሎች መመገብ፣ ጨውን፣ ስኳርንና ቅባትን መመጠን፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። እንጀራ አቁሙ አይልም።

ለዚህም ምክንያት አለ። ጤፍ በብረትና በካልሲየም የታወቀ ነው፤ ከብረቱ ከፊሉ በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩት ከአፈር የሚገባና ሰውነት በቀላሉ የማይጠቀምበት ቢሆንም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረቱን አስሮ ይይዛል፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሽሮና ምስር በእህሉ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ይሞላሉ። ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲጨመር ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲዋጥ ይረዳል። የጎመኑ ቫይታሚን ኤ እንዲሠራ ጥቂት ዘይት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ዘይትን ጨርሶ የሚከለክል ዳይት ጎመኑንም ያከስረዋል። ቡና ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ሲጠጣ የብረቱን መዋጥ ይቀንሳልና ደም ላነሳት ሴት ከማዕዱ ራቅ ቢል ይሻላል። ይህ ሁሉ የሚመለከተው የጤፍ እንጀራን ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ሩዝ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት እንጀራ ያን ያህል ብረትና ካልሲየም አይሰጥም።

ኮልፌ ለዚህ ዓይነቱ አመጋገብ ሌላም ሀብት አለው። በክፍለ ከተማው የጉራጌና የስልጤ ተወላጆች ብዙ ናቸው፤ ቆጮ ከቤታቸው አይጠፋም። ቆጮ ብቻውን ፕሮቲኑ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ስታርች ነው። ክትፎ ሲገኝ በክትፎ፣ በዘወትሩ ቀን ግን በጎመንና በአይብ የሚበላው የጎደለውን እነሱ ስለሚሞሉለት ነው። የእናቶች ልማድ ከላቦራቶሪው ቀድሞ የደረሰበት ጥምረት ነው።

ጾምን ከዳይት ጋር አንድ ማድረግም ተለምዷል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ፤ የኮልፌ ሙስሊሞችም ረመዳንን ይጾማሉ። ዓላማው ሰውነትን ማቅጠን አይደለም፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው እፎይታ ይሰጣሉ። የጾም ገበታ በድሮው መልኩ የጥራጥሬና የቅባት እህል ገበታ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት፣ ንፍሮ። በቀኑ ማብቂያ በዘይት የተጠበሰ ሳንቡሳና ቦምቦሊኖ ብቻ ሲቀርብ ጾሙ ቢኖርም ገበታው ተለውጧል።

የከተማውን ሰው የሚያወፍረውም ከእንጀራው ይልቅ በእነዚህ በኩል የሚገባው ነው። ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ በሻይና በለስላሳ የሚጠጣው ስኳር አይቆጠርም፤ ሥራው ደግሞ ተቀምጦ ሆኗል። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት አትክልትና ፍራፍሬ በሚመከረው መጠን የማይመገበው ሕዝብ ከአሥር ሰው ከዘጠኝ በላይ ነበር።

አትክልት የማይበላው ሰው ሁሉ ግን ምክር ያልደረሰው አይደለም። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከ2007 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የአትክልት፣ የፍራፍሬ፣ የጥራጥሬና የእንስሳት ውጤቶች ዋጋ የኑሮ ውድነቱ ተቀናሽ ሆኖም ከ19 እስከ 62 በመቶ መጨመሩን፣ የዘይትና የስኳር ዋጋ ግን መውረዱን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ሕዝብና ለአካባቢ ይበጃል ተብሎ የቀረበው የኢት-ላንሴት አመጋገብም ዋጋው ሲሰላ ቢያንስ ለ1.58 ቢሊዮን ሰዎች ከጠቅላላ ገቢያቸው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጤና ሚኒስቴር ምን እንደሚበላ ይመክራል፤ ዋጋው የንግድ፣ ምርቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ በመካከላቸው የቀን ሠራተኛው ቤተሰብ እንጀራውን ይዞ ጎመኑን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ይተዋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የቁርስና የምሳ አገልግሎት ለተማሪዎቹ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል፤ እናቶቻቸውን ግን አይደርስም።

የተለየ ጥንቃቄ የሚሹም አሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከሐኪሙ ሳይማከር ምግብ ቢዘል ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከማንም የዳይት ዝርዝር ውጪ ናት። የሚያድግ ልጅን ከእህል መከልከል ቁመቱን መከልከል ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚሆነው ምክር በጤና ጣቢያ፣ ክብደታቸውና ደማቸው ታይቶ የሚሰጥ ነው።