«ስንት አገባ?» አትበሉኝ

የዳባቱ ልጅ አጎት ይዘውት የመጡት ደብተር እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ሽፋኑ የተገነጠለ የተማሪ ደብተር ነው። በየገጹ ቀኑ፣ ተጋጣሚው፣ የገባው ግብ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ክረምቱን ሙሉ 31 ግብ። «አሠልጣኝ፣ ይኸው ማስረጃው» አሉኝ ሜዳው ዳር ቆመው። ልጁን ገና አላየሁትም ነበር። ሲያሟሙቅ አየሁት። ከእኩዮቹ በአንድ ራስ ይበልጣል፤ ትከሻው ሞልቷል፤ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ጢም አቀምቅሟል። የተመዘገበው ከ15 ዓመት በታች ነው።

በዚያ ጨዋታ ሦስት አገባ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ኳሷ ከተከላካዮቹ ጀርባ ትጣላለች፣ ልጁ ይሮጣል፣ የሚደርስበት የለም፣ በረኛው ሲወጣ ይመታል። አጎትየው ሦስቱንም እዚያው መዘገቡ። እኔ ሪፖርቱ ላይ «ከሁለት ዓመት በኋላ ድጋሚ ይታይ» ብዬ ጻፍኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ይሁን እንግዲህ፣ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው እንፈልጋለን» ብለው ደብተሩን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

እኔን የሚያታክተኝ የእሳቸው ደብተር አይደለም። እሳቸው የወንድማቸውን ልጅ ይወዳሉ፤ መመዝገባቸው ያስመሰግናቸዋል። የሚያታክተኝ እኛ ባለሙያ ነን የምንለው ያንኑ ደብተር በሌላ ስም መያዛችን ነው። ሥልጠና ላይ ስንቀመጥ «ታዳጊ አጥቂ በግብ ብዛት አይመዘንም» ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ከአዳራሹ ወጥተን ምልመላ ስንሄድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት አገባ?» ነው። ክለቡ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ወሬውም የሚሰማው በእሱ ነው፤ «አዘዞ ላይ አንድ ልጅ አለ፣ በአንድ ጨዋታ አምስት አገባ» ይባላል። አምስቱን በማን ላይ እንዳገባ የሚጠይቅ የለም።

ወንድ ልጅ ቁመቱ የሚመዘዝበት ጊዜ በአማካይ 14 ዓመት ግድም ነው። አንዱን ግን በ12 ይጀምረዋል፣ ሌላውን እስከ 16 ያስጠብቀዋል። ስለዚህ ዕድሜያቸው በእውነት እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች አንዱ ጎረምሳ፣ ሌላው ገና ሕፃን ሆነው አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ጎረምሳው ሕፃኑን ቢቀድመው ምኑ ይገርማል? ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሆኪ የሕዝብ ስፖርት ነው፤ እንደኛ እግር ኳስ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በወጣት ሊጎቻቸው ያሉትን ተጫዋቾች የልደት ቀን ቢያዩ በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች የተወለዱት በዓመቱ መጨረሻ ከተወለዱት እጅግ በዝተው ተገኙ። የዕድሜው መቁረጫ ጃንዋሪ 1 ነበርና አሠልጣኞቹ ተሰጥኦ መረጥን ሲሉ የመረጡት የወራት ብልጫን ነበር። እንግዲህ የልደት ወረቀት ከሆስፒታል ተቀብሎ በሚወጣ ሕዝብ መካከል የጥቂት ወራት ልዩነት እንዲህ ካሳሳተ፣ «የሚሊኒየሙ ጊዜ አራስ ነበርኩ» በምትል እናት ቃል ዕድሜ በሚቆረጥበት አገር ምን እንጠብቃለን?

ይህን ስል ወዲያው «ታዲያ ዕድሜ ደብቀዋል እያልክ ነው?» የሚል ይመጣል። አላልኩም። የዕድሜ ማጭበርበር የራሱ መፍትሔ አለው። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ የአጥንቱ ማደጊያ መዘጋት አለመዘጋቱ ይታያል። ለዳባትና ለአምባ ጊዮርጊስ የክረምት ውድድር ኤምአርአይ የሚያመጣ የለም፤ ቢመጣም ጥያቄዬን አይመልስልኝም። ያ ልጅ የእውነት 14 ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም 31ዱ ግብ የሚነግረኝ ሰውነቱ ቀድሞ መድረሱን ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌሎቹ ሲደርሱበት፣ ከጀርባ በተጣለች ኳስ ላይ ማንንም መቅደም ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ ነው ማየት የፈለግኩት። እስከዚያ ድረስ ሌላ መላ እንዲማር ማንም አላስገደደውም። ሩጫው ሲበቃው ለምን ይማር?

ሌላው የሰለቸኝ «የደጋ ልጅ ነው፣ ሳንባውን እየው» የሚለው ነው። ከደባርቅ የመጣ ልጅ ሁሉ በዚህ ይወደሳል። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያደገ ልጅ ጎንደር ወርዶ ሲጫወት ትንፋሽ እንደሚተርፈው አውቃለሁ። ለረጅም ርቀት ሯጭ ትልቅ ሀብት ነው። የመሀል አጥቂ እንጀራው ግን አምስት ሜትር ናት፤ አምስቷ ሜትር ደግሞ በሳንባ ሳይሆን በጊዜ ትገኛለች። እንዲያውም ደጋው የሚነሳው ነገር እንዳለ ማንም አይናገርም። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፣ መጠምዘዟም ይቀንሳል። ደባርቅ ላይ በተከላካዩ አናት አልፋ የምትወርደው ኳስ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ድሬዳዋ ታጥራለች። ልጁ ሮጦ አልፏት ይገኛል። በሙከራ ሳምንት ይህን ያየ አሠልጣኝ «የኳስ ግንዛቤ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። ልጁ ግንዛቤ አለው፤ የተማረው በሌላ አየር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አጥቂ ኳስ ሳይደርሰው የሚያደርገውን አናይም። የማናየውም ስለማይታይ አይደለም፤ ማየት ስላልለመድን ነው። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በ2013 ሲያነሳ ሊጉ የተካሄደው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ነበር። የጎንደር ልጅ የከተማውን ቡድን ሻምፒዮን ሲሆን ያየው በዲኤስቲቪ ነው። የአርሰናልንና የማንቸስተርን ጨዋታም የሚያየው እዚያው ዲኤስቲቪ ቤት ተኮልኩሎ ነው። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ደግሞ ኳሷን ይከተላል። አጥቂው በማዕቀፉ ውስጥ የሚገባው ኳሷ ስትደርሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ተከላካዩን ወዴት እንደጎተተው፣ ስንት ጊዜ ዞር ብሎ እንዳየ፣ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ብቻውን እንደተገኘ አይታይም። ስለዚህ ልጆቻችን መምታትን ተምረዋል፤ መገኘትን አልተማሩም። ስታዲየም ተቀምጦ ሜዳውን ሙሉ ያየ ትውልድ ቢያንስ ዓይኑን ወደፈለገበት ማዞር ይችል ነበር።

ጌር ዮርዴት የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት አንገታቸውን ስንት ጊዜ እንደሚያዞሩ ሲቆጥር የተጠቀመው በዋናው ካሜራ አልነበረም፤ አንድ ተጫዋች ብቻ ተከትሎ በተቀረጸ ምስል ነው። ፍራንክ ላምፓርድ ብዙ ከሚያዩት መካከል ነበር፤ ብዙ የሚያዩቱም ኳሳቸው በብዛት ይሳካል። ይህ ጥናት ለእኛ ሜዳዎች ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለበት። የእኛ ሜዳ ጠጠር ነው፤ አንዳንዱም ያዘነብላል። ኳሷ ከመሬት ስትነጥር ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ልጁ እስክትደርሰው ድረስ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም፤ ቢነቅል ታመልጠዋለች። ለዓመታት እንዲህ ያደገን ልጅ «ቀና በል!» ብሎ መጮህ ምን ይፈይዳል? ቀና እንዳይል ያስተማረው ሜዳው ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ያደገ ሆኖ ቀና የሚል ልጅ ካየሁ ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ነው የምከተለው።

አንድ እንዲህ ዓይነት አየሁ፤ የዳባቱን ልጅ ባየሁበት ጨዋታ፣ በሌላኛው ቡድን። ቀጭን ነው፤ ታኬታ የለውም፤ ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገው። አንድም ግብ አላገባም። ኳስም የነካው ከስንት አንዴ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። የቡድኑ አማካይ ኳስ ይዞ ቀና ከማለቱ በፊት ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኳሷ ይመጣል፤ ተከላካዩ ይከተለዋል። ያኔ ድንገት ዞሮ ተከላካዩ ትቶት በመጣው ቦታ ይገባል። ነፃ ነው። አማካዩ አያየውም፤ ወደ መስመር ያወጣታል። ልጁ ሳይማረር፣ እጁን ሳያነሳ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ በግራ በኩል ያደርገዋል። ተከላካዩ አሁን ግራ ገብቶታል፤ ልከተል ወይስ ልቁም እያለ ሲያመነታ ልጁ ከጀርባው፣ ከዓይኑ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙን ስለ እሱ ብጠይቀው «እሱ እንኳ ሰነፍ ነው፣ ኳስ አይጠይቅም» አለኝ።

ኳስ አይጠይቅም! በእኛ ሜዳ ጮሆ «ስጠኝ» የሚል ልጅ ንቁ ነው፤ ዝም ብሎ ቦታ የሚያስለቅቅ ሰነፍ ነው። ተከላካዩ ጀርባ ላይ ቆመህ ብትጮህ ለማን ነው የምትነግረው?

«አቡበከር ናስርስ የታወቀው በግብ ብዛት አይደለም?» የሚሉኝ አሉ። ነው። በዚያው በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 አግብቶ ጌታነህ ከበደ በ2009 በደደቢት ማልያ ያስመዘገበውን 25 አለፈ፤ በ2014ም የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ነገር ግን እነዚያ ግቦች የገቡት በጎልማሶች ላይ ነው። አጥንቱ የጠነከረ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ካለፈው ሳምንት ጨዋታ ያጠናህ ተከላካይ ላይ የገባ ግብ ይቆጠራል፤ እኔም እቆጥረዋለሁ። አቡበከር ደግሞ ተከላካይ የሚያስፈራ ሰውነት የለውም። ልጅ ሳለ በቁመትና በትከሻ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ስንቱ አልፎት ይሄድ እንደነበር አስቡት። ሃሪ ኬንን አርሰናል ገና በልጅነቱ አሰናብቶታል፤ ከዚያም በቶተንሃም ሥር ሆኖ በውሰት አራት ክለብ ዞሯል። የመረጃ እጥረት የሌለበት አገር ነው ይህን ያደረገው።

የፋሲል ከነማው ሙጂብ ቃሲም በ2013 ክረምት ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄዶ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ከተማው ያኔ «ምነው?» ሲል ሰነበተ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ስለ ምክንያቱ ባይናገር ጥሩ ነው። አገር ቤት የተመዘገበ የግብ ቁጥር ግን ከአገር ውጭ የሚመነዘርበት ዋጋ ቋሚ አለመሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዋቂው እንዲህ ከሆነ ታዳጊውን እንዴት በቁጥር ብቻ እናምናለን?

ለዚህ ነው ልጅ ስመለምል የመጀመሪያውን አጋማሽ ኳሷን ሳላይ የምጨርሰው። ሰው ያፌዝብኛል። ግብ ሲገባ ዞሬ «ማን አገባ?» ብዬ የጠየቅኩበት ጊዜ አለ፤ አጠገቤ የተቀመጡት «እንዲህ ነው ወይ መልማይ!» ብለው ሳቁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጅ እያሳለፍን ነው፤ የምናሳልፈውም በብዛት ዘግይቶ የሚያድገውን፣ አካሉ ሳይረዳው በዓይኑ መጫወት የተማረውን ነው። እሱ 17 ሲሞላው ሰውነቱ ይደርሳል፤ ያኔ ግን ኳስ ትቷል። ቀድሞ የደረሰው ደግሞ 19 ላይ ተከላካዮቹ እኩል ሲሆኑበት «ምን ነካው?» ይባላል። ምንም አልነካውም።

ስለዚህ ልጃችሁን፣ ወንድማችሁን፣ የእህታችሁን ልጅ እንዳይላችሁ የምትፈልጉ ሁሉ፦ ደብተር አታምጡልኝ። ሙዚቃ የተለጠፈበት የቲክቶክ ቁራጭም አትላኩልኝ፤ እዚያ ላይ ሁሉም ልጅ ያገባል። ከበረኛው ጀርባ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ የትምህርት ቤት በረንዳም ይሆናል፣ ዛፍም ይሆናል። ስልካችሁን እዚያ አስጠግታችሁ ሜዳው በሙሉ እንዲታይ አድርጉና ተዉት። ልጁን እየተከተላችሁ አታዙሩት፤ ግብ ሲገባም እየጮኻችሁ አታንቀጥቅጡት። አንድ አጋማሽ ሙሉ፣ ሳይቆራረጥ። ግብ ያላገባበት ጨዋታ ካለ ደግሞ እሱን አስቀድሙልኝ።